ሁለት የአናፑርና መጻሕፍትና የሴቶች የተራራ ጉዞ

በሂማላያ ተራሮች መካከል አናፑርና የሚባለው፣ ቁመቱ 8,091 ሜትር የሆነው ተራራ ሁለት የታወቁ መጻሕፍት አስጽፏል። አንደኛው ፈረንሳዊው ሙሴ ሞሪስ ኤርዞግ በ1951 ያሳተሙት ሲሆን፣ ሁለተኛው አሜሪካዊቱ ዶክተር አርሊን ብሉም በ1980 ያሳተሙት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ስለ 1950ው ጉዞ፣ ሁለተኛው ስለ 1978ቱ ጉዞ ይናገራል። ሙሴ ኤርዞግ መጽሐፋቸውን «አናፑርና» ብለው ብቻ ሰየሙት። ዶክተር ብሉም ግን «አናፑርና፤ የሴት ቦታ» አሉት።

ሁለቱን መጻሕፍት ተከታትሎ ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው አንድ ልዩነት አለ። ሙሴ ኤርዞግ ወንድ ሆነው ለምን ወደ ተራራ እንደ ሄዱ የሚጠይቃቸው ሰው ያለ አይመስላቸውም። የነበረባቸው ችግር በእጃቸው ያለው ካርታ ስሕተት ስለ ነበረ ተራራውን ራሱን ፈልጎ ማግኘት ነበር፤ ከትረካቸውም ብዙው ክፍል በዚሁ ፍለጋ የተያዘ ነው። ዶክተር ብሉም በበኩላቸው ገና ጕዟቸውን መተረክ ሳይጀምሩ ሴት ተራራ መውጣት እንደምትችል ማስረዳት ግዴታ ስለ ሆነባቸው መግቢያቸውን ለቀደሙት ሴት ተራራ ወጪዎች ታሪክ ሰጥተውታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ሴቶች በእንዲህ ያለው አስቸጋሪ ጉዞ ላይ የሚያጋጥማቸው መሰናክል ምን ዓይነት እንደ ሆነ ከዚሁ የመግቢያ ልዩነት ሊታወቅ ይችላል ብዬ ስለማምን ሒሴን ከዚህ ላይ እጀምራለሁ።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ ሞንብላን በተባለው የአልፕስ ተራራ ጫፍ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት የቆመችው በ1808 ነው። ስምዋ ማሪ ፓራዲ ሲሆን የሻሞኒ ሰውና የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከ30 ዓመት በኋላ ሄንሪየት ዳንጅቪል የተባሉ የባላባት ወገን ይህንኑ ተራራ ወጡ። በ1871 እንግሊዛዊቱ ሉሲ ዎከር የማተርሆርን ጫፍ ላይ ደረሱ፤ ያ ተራራ በሰው እግር ከተረገጠ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን በ1857 በሎንዶን የተቋቋመው የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ማኅበር እስከ 1974 ድረስ ሴትን በአባልነት አልተቀበለም። ሴቶቹም የራሳቸውን ማኅበር በ1907 አቋቋሙ። ማተርሆርን በ1871 የተቀበላትን ሴት ማኅበሩ ለመቀበል 103 ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው። ስለዚህ የሴት ጉልበት ለተራራ አይበቃም የሚለው ክርክር በተራራ ላይ የተገኘ ዕውቀት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ የተገኘው በአዳራሽ ውስጥ ነው።

ወደ ዶክተር ብሉም እንመለስ። እኒህ ሴት በ1945 የተወለዱ፣ በሙያቸው የኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። (በሕፃናት የሌሊት ልብስ ላይ ይጨመር የነበረው የእሳት መከላከያ ጎጂ መሆኑን በ1977 ካስታወቁት ተመራማሪዎች አንዷ እሳቸው መሆናቸውን እግረ መንገዴን ላንሣ፤ በተራራ ብቻ የሚያውቋቸው አንባቢዎች ይህን ይዘነጉታልና።) በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በአላስካ የሚገኘውን 6,190 ሜትር ከፍታ ያለውን የዴናሊን ተራራ ለመውጣት ከተዘጋጀ ቡድን ጋር ለመሄድ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ፣ ሴቶች እስከ ታችኛው ሰፈር ድረስ መጥተው በወጥ ሥራ ሊረዱ ይችላሉ የሚል ነበር።

ይህን መልስ ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባል። የዴናሊ ታችኛው ሰፈር የተተከለው በበረዶ ግግር ላይ ነው። ሴቲቱ እዚያ ድረስ መድረስ፣ በዚያም ብርድ መክረምና በበረዶ ላይ ምድጃ አንድዳ ለብዙ ሰዎች ወጥ መሥራት እንደምትችል መልሱ ራሱ አምኖ ተቀብሏል። እንግዲህ ድካምዋን እንደ ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። ሰፈሩ ድረስ የተፈቀደላት የሚሄዱትን ለማገልገል ስለ ሆነ ነው፤ ከሰፈሩ በላይ የተከለከለችው ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚኬደው ለራስ ስለ ሆነ ነው። ዶክተር ብሉምና አምስት ሴቶች በ1970 ያለ ወንድ ተነሥተው የዴናሊን ጫፍ ረገጡ። የቡድኑ መሪ ግሬስ ሆማን በከፍታው ታመው ሲወድቁ ምክትላቸው ዶክተር ብሉም አመራሩን ይዘው ሁሉንም በደኅና አወረዱ። መሪ ታሞ፣ የበረዶ ነፋስ እየነፈሰ፣ ቡድንን በሙሉ ማውረድ ከመውጣት የሚበልጥ ሥራ መሆኑን ወንዶቹ ተራራ ወጪዎች ራሳቸው በየመጽሐፋቸው ይመሰክራሉ።

የወጥ ቤቱን መልስ ሳነብ እኔም አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፍሬአለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የክፍላችን ልጆች ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ያለውን ዝቋላን ለመውጣት ተነሣን። ኀላፊዎቹ ዳገቱ ለሴቶች ልጆች አይስማማም ብለው ሴቶቹ ከተራራው ሥር ሆነው ምሳ እንዲያዘጋጁ አዘዙ። እኛ ወጣን፤ ሐይቁን አየን፤ ስንወርድም የተሠራውን በላን። ከሴቶቹ አንዲቱ ሳህኑን ስታቀርብልኝ «አያቴ በየዓመቱ ለመጋቢት አቦ ትወጣው የለም እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሣቅሁና እንጀራዬን ቆረስሁ። ለጥያቄዋ መልስ እንዳልነበረኝ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በጥቅምትና በመጋቢት አምስት ቀን ወደ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚጐርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ያንን ዳገት ሕፃን ያዘሉ እናቶችና ምርኵዝ የያዙ አሮጊቶች በባዶ እግራቸው ይወጡታል። ማንም አይስማማችሁም አይላቸውም፤ የሚወጡት ለስለት ነዋ።

ሴት ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ ስትሄድ ርቀቱንም ዳገቱንም የሚቈጥር የለም። መንገዱ «ለሴት ከባድ» የሚሆነው ደስ ስለሚላት ብቻ ልትሄድበት ስትነሣ ነው። በሰፊው የሚነገረውን የተፈጥሮ ድካም ጉዳይ ከዚህ በላይ ልከራከርበት አልፈልግም።

የገንዘቡ ነገር ግን ብዙ ሊባልበት ይገባል። የ1950ው የፈረንሳይ ቡድን በሂማላያ ኮሚቴ ተዘጋጅቶ በአገር ክብር ስም የተላከ ነበር። የ1978ቱ የሴቶች ቡድን ያስፈልገው የነበረውን ሰማንያ ሺህ ዶላር ገደማ ለማግኘት ካናቴራ ይሸጥ ነበር። በካናቴራው ላይ የታተመው ቃል ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የሴት ቦታዋ ከላይ ነው» ማለት ይሆናል፤ «የሴት ቦታዋ ቤትዋ ነው» በሚለው የአገራቸው አባባል ላይ የተቀለደ ነው። እኛም «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚል አለንና ቀልዱ አይጠፋብንም። ከዐሥር ሺህ በላይ ካናቴራ ተሸጧል። አንዳንድ አንባቢዎች ይህንን እንደ ጨዋታ ያዩታል፤ ዶክተር ብሉምም ራሳቸው በቀልድ መልክ ጽፈውታል። ነገር ግን ኤርዞግ በጫፉ ላይ የአገራቸውን ባንዲራ ሲዘረጉ ወጪው ባንዲራውን ካሠፋው ወገን ነው፤ እነዚህ ሴቶች የወጡት እያንዳንዱ ካናቴራ ገዢ ባዋጣው ነው። ባንዲራውን የሚሰጥ አካል ሴትን እንደ ተወካዩ አድርጎ ባይቈጥር ካናቴራ ሻጭ ያደርጋታል።

በጃፓን ወይዘሮ ጁንኮ ታቤይ የደረሰባቸው ከዚህ የባሰ ነበር። በ1969 የሴቶች የተራራ ማኅበር አቋቁመው ወደ ኤቨረስት ለመሄድ ገንዘብ ሲለምኑ የተሰጣቸው መልስ ልጅዎን ቤት ተቀምጠው ያሳድጉ የሚል ነበር። ሴት ልጃቸው ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች። ፒያኖ እያስተማሩ ገንዘብ አጠራቀሙ፤ ከአሮጌ የመኪና መቀመጫ ልብስ የእጅ ጓንት ሰፉ። በመጨረሻ አንድ ጋዜጣና አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ረዱአቸው። በግንቦት 1975 የበረዶ ናዳ በሰፈራቸው ላይ ወርዶ ወይዘሮ ታቤይን ቀበራቸው፤ ሸርፓዎች ቈፍረው አወጧቸው። ከ12 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 16 ቀን፣ ከሸርፓው አንግ ጸሪንግ ጋር የዓለምን ጫፍ የረገጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሒላሪና ቴንዚንግ በ1953 ሲወጡ ልጆቻችሁን ማን ያሳድግ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ቴንዚንግ ግን የሴቶች ልጆች አባት ነበር።

አሁን በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ካለው ልዩነት ሁሉ ይልቅ ዋና መስሎ ወደሚታየኝ ነገር እደርሳለሁ፤ ይኸውም የጠብ አተራረክ ነው።

የሙሴ ኤርዞግ መጽሐፍ የተጻፈው በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። የእጃቸውንና የእግራቸውን ጣቶች ውርጭ በልቶአቸው ስለ ተቈረጡ መጻፍ አልቻሉምና በቃል አስጻፉት። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ወንድማማች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ልብ ለአንድ ጫፍ ይሞታሉ። ይህ ሥዕል ለብዙ ዓመታት የተራራ ጉዞ ምሳሌ ሆኖ ኖረ። ይሁን እንጂ የቡድኑ አባሎች ከመነሣታቸው በፊት ለመሪያቸው ሊታዘዙ ቃል እንዲገቡ ተደርገው ነበር፤ ለአምስት ዓመትም ስለ ጉዞው ምንም ነገር እንዳያሳትሙ በውል ታስረው ነበር። ከኤርዞግ ጋር ጫፉ ላይ የቆመው ሉዊ ላሽናል በ1955 በበረዶ መንሸራተቻ ሲሄድ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ማስታወሻው በሚቀጥለው ዓመት ሲታተም ያረመው የኤርዞግ ወንድም ነበር፤ ያልተቈረጠው ጽሑፍ ለንባብ የበቃው በ1996 ነው። በዚያም ውስጥ ላሽናል እግሩ እየደነዘዘ መሆኑን አውቆ ለመመለስ እንደ ፈለገ፣ ወደ ላይ የሄደውም ስለ አገር ክብር ሳይሆን ኤርዞግ ብቻውን ቢቀር አይመለስም ብሎ እንደ ሆነ ይገልጻል። እንግዲህ የዚያ ቡድን ቅሬታ ለ46 ዓመት ተሸፍኖ ኖሯል።

የዶክተር ብሉም መጽሐፍ እንዲህ ያለ መሸፈኛ የለውም። ማን ወደ ጫፍ ይሂድ በሚለው ላይ የተነሣውን ክርክር፣ ቍጣውን፣ ልቅሶውን፣ የመሪዋን የራስዋን ጥርጣሬ ሁሉ በየገጹ አስፍረውታል። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ «ወንዶች ሲተባበሩ ሴቶች ይጣላሉ» ወደሚል ፍርድ በቀላሉ ይደርሳል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ይህንኑ ፈርጄ እንደ ነበር አልሸሽግም። ፍርዴን የለወጠው የላሽናል ማስታወሻ ነው። የአንዱ ቡድን ጠብ በውል ታስሮ፣ የሌላው ጠብ በፈቃድ ታትሞ ሳለ ሁለቱን ማወዳደር የተከደነ ድስትን ካልተከደነ ድስት ጋር አወዳድሮ የተከደነው አይሸትም እንደ ማለት ነው። ስለ ተራራ ጉዞ ዕውቀት የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም ቢያነብ እውነተኛውን ነገር የሚያገኘው ከሴቲቱ መጽሐፍ ነው። በአጻጻፍ ውበት ግን ኤርዞግ ይበልጣሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የቍልቍለቱ ትረካቸው፣ የጠፋው ጓንት፣ በሸርፓዎች ጀርባ ላይ የወረዱበት መንገድ፣ አንባቢውን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ዶክተር ብሉም እንዲህ መጻፍ አይችሉም፤ ዐረፍተ ነገራቸው ብዙ ጊዜ እንደ ሪፖርት ደረቅ ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1978 አይሪን ሚለርና ቬራ ኮማርኮቫ፣ ከሸርፓዎቹ ከሚንግማ ጸሪንግና ከቼዋንግ ሪንጂንግ ጋር የአናፑርናን ጫፍ ረገጡ። ይህ ለሴቶችም ለአሜሪካውያንም የመጀመሪያው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለተኛውን ሙከራ ያደረጉት አሊሰን ቻድዊክና ቬራ ዋትሰን ወድቀው ሞቱ። ቻድዊክ ተራ ወጪ አልነበሩም፤ በ1975 ከፖላንዳዊቱ ዋንዳ ሩትኪየቪች ጋር 7,952 ሜትር ከፍታ ያለውን ጋሸርብሩም ሦስትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከረገጡት አንዷ ነበሩ። ሁለቱ የሄዱት ያለ ሸርፓ ነበር።

ሸርፓ ይዘው የወጡት ሴቶች ጫፍ ሲደርሱ «ወንዶች አወጧቸው» ተባለ። ያለ ሸርፓ የሄዱት ሲሞቱ ደግሞ «ሴት ብቻዋን ምን አባቷ ትሠራለች» ተባለ። አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ይኸው ነው፤ በየትም በኩል ቢኬድ መደምደሚያው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ኤርዞግና ላሽናል በሸርፓ ጀርባ መውረዳቸው ከጀግንነታቸው አንዳች አልቀነሰም። በነሐሴ 1974 በሶቭየት ኅብረት በሌኒን ጫፍ ላይ በኤልቪራ ሻታየቫ የተመሩ ስምንት ሴቶች በማዕበል ሲያልቁ የሴቶች ቡድን ብቻውን መሄዱ ተወቀሰ፤ ወንዶች በቡድን ሲያልቁ የሚወቀሰው የአየሩ ጠባይ ነው።

በዚህ ክፍል ግን ከዶክተር ብሉም ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ቡድን ጫፍ ከደረሰ በኋላ እሳቸው ጉዞው እንዲያበቃ በልባቸው ይፈልጉ እንደ ነበር ጽፈዋል። ሆኖም አልከለከሉም። መሪነትን በምክክር መያዝ ይገባል ብለው ያምናሉ፤ ኤርዞግ በመሐላ የያዙትን እሳቸው በስምምነት ሊይዙት ሞከሩ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ያልተነገረ ፍርሃት ምክክር አይባልም። መሪዋ የሚያስቡትን በግልጽ ተናግረው ሁለቱ ሴቶች እንቢ ብለው ቢሄዱ ኖሮ ኀላፊነቱ የሚሄዱት ይሆን ነበር። መጽሐፉ በዚህ ላይ አንድ ጊዜ ራስን መክሰስ፣ አንድ ጊዜ ራስን ማጽናናት ይሆንና ቁርጥ ያለ ነገር ሳይናገር ያልፋል።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጉድለት አለ። ቡድኑ የሸርፓ ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ተሠማርተው ተራራ መውጣት እንዲማሩ አስቦ ነበር። አሳቡ ግን ከታችኛው ሰፈር ወጥ ቤትና ልብስ አጠባ አላለፈም። የዴናሊውን ደብዳቤ ያነበበ ሰው እዚህ ሲደርስ ቆም ሳይል አይቀርም። ሴቶች እስከ ታችኛው ሰፈር መጥተው በወጥ ሥራ ይርዱ የተባለው ቃል ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ቃሉ ባስቈጣቸው ሴቶች ሰፈር፣ በሌሎች ሴቶች ላይ ተፈጸመ። ዶክተር ብሉም ነገሩን አልደበቁም፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ያዩት አይመስለኝም። የሸርፓ ሴት ከኤቨረስት ጫፍ የደረሰችው ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ቆይታ፣ በ1993 ነው። ፓሳንግ ላሙ ይባላሉ፤ ሲወርዱ ሞቱ። በ2000 ወጥተው በደኅና የወረዱት ላክፓ ሸርፓ እስከ 2022 ድረስ ዐሥር ጊዜ ኤቨረስትን የወጡ ሲሆኑ፣ ይህን ያህል የወጣች ሌላ ሴት አልነበረችም፤ በአሜሪካ ኑሯቸውን ይገፉ የነበረው ግን ሳህን በማጠብና በምግብ መደብር ውስጥ በመሥራት ነው።

ይህን የመሰለ ዕውርነት በእኛ አገር ላይ በተጻፈ መጽሐፍም ስለሚገኝ አንድ ሌላ ሥራ ልጨምር። አየርላንዳዊቱ ወይዘሪት ደርቭላ መርፊ በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከሰሜን እስከ አዲስ አበባ ድረስ በእግራቸው ተጕዘዋል። ዕቃቸውን የተሸከመችላቸውን በቅሎ በመቀሌ የሰጧቸው ልዕልት አይዳ ደስታ ነበሩ። የጉዞው ማስታወሻ በ1968 ታተመ።

ወይዘሪት መርፊ በ1931 ተወለዱ፤ በ2022 ዐረፉ። በዐሥር ዓመታቸው አንድ ብስክሌትና አንድ የዓለም ካርታ መጽሐፍ በስጦታ ሲያገኙ በብስክሌት እስከ ህንድ ለመሄድ ወሰኑ። የሄዱት ግን በ31 ዓመታቸው ነው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው የመገጣጠሚያ በሽታ አልጋ ላይ ያዋላቸውን እናታቸውን ሲያስታምሙ ቆዩና እናታቸው በ1962 ከሞቱ በኋላ በጥር 1963 ተነሡ። ከተራራውና ከበረሃው በፊት የቆመባቸው መሰናክል የእናት አልጋ ነበር። ይህን መሰናክል እኔ ክፉ ብዬ ልጠራው አልደፍርም፤ ማንም ልጅ እናቱን ያስታምማል። ነገር ግን በየቤታችን በሽተኛ ሲተኛ ትምህርቱን የሚተው ወንዱ ልጅ ነው ወይስ ሴቲቱ? ለዚህ የትምህርት ክፍሎቻችን መቀመጫዎች መልስ ይሰጣሉ።

በህንዱ መንገድ ወይዘሪት መርፊ ሽጉጥ ይዘው ነበር። በቱርክ አገር ሌሊት ወደ ተኙበት ክፍል የገባን ሰው ወደ ጣራ ተኵሰው አባረሩት። ለተኵላም ተኵሰዋል፤ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ዓይነት ድምፅ ይተርኩአቸዋል። አንዳንዶች ይህንን የድፍረት ምልክት ይሉታል። ለእኔ የሚታየኝ ወንድ ተጓዥ የማያስበውን ስንቅ ሴቲቱ መቋጠር እንደሚገባት ነው፤ በኢትዮጵያም ሽፍቶች ዘርፈዋቸዋል፤ እንዲህ ያለው አደጋ ግን ለወንዱም ለሴቱም እኩል ነው።

የወይዘሪት መርፊ መጽሐፍ ስለ አገራችን ተራሮች ፍቅር ያለበት ሥራ ነው። ሆኖም አማርኛ ስለማያውቁ ባደሩበት ጐጆ ሁሉ ያሉት ሴቶች ሲያስተናግዱ፣ ሲጋግሩ፣ እግር ሲያጥቡ እንጂ ሲናገሩ እምብዛም አንሰማም። እንግዳዪቱ በወንዶቹ በኩል ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ፤ ፈረንጅነታቸው የሴትነትን ደንብ አስነሥቶላቸዋል። ያች እንጀራ የምታቀርብላቸው ሴት ግን በዚያ ዘመን በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተ ሰቡ ራስ ነው፤ የጋራ መኖሪያውንም የሚመርጠው እሱ ነው ይላት ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓመተ ምሕረት በወጣው የተሻሻለ የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ቤትዋን የምትሠራበትን ቦታ እንድትመርጥ ሕግ ያልፈቀደላትን ሴት ደጅ አልፎ የሚሄድ ነፃ ተጓዥ ስለ ነፃነቱ ሲጽፍ ጐን ለጐን የቆመችውን ማየት ነበረበት እላለሁ። ያችኑ መንገድ እኮ እሷም ታውቀዋለች፤ ለገበያና ለንግሥ ስንት ጊዜ ተመላልሳበታለች። መጽሐፍ ግን አልጻፈችበትም።

ይህን ሒስ ሳዘጋጅ የዚያችን የክፍል ጓደኛዬን አያት ሄጄ አነጋግሬአቸው ነበር። ዝቋላን ስንት ጊዜ እንደ ወጡ ብጠይቃቸው አልቈጠርሁትም አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ የበኵር ልጃቸውን አዝለው፣ ስለት ኖሮባቸው ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ስለት አይጠፋም ነበር፤ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናም። «እማማ፣ ሁል ጊዜ ስለት ነበረብዎት?» ብላቸው ሣቁና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ስለቴን አግብቼ ሰዎቹ ሲወርዱ እኔ ሐይቁ ዳር ትንሽ እቀመጥ ነበር» አሉኝ፤ «ውኃውን ለማየት ብዬ። ምን ቈየሽ ሲሉኝ እግሬን አመመኝ እላለሁ።»